የጎማው ቁመት

የሰው ፊት አልይዝም። ጎረቤቴን ሳይቀር
ገበያ ላይ ሳገኝ፣ ስሙ ጠፍቶኝ ስቀር፣
ስንቴ ተዋርጃለሁ!
መኪና ሲሆን ግን፣ የበሩን እጀታ፣
የመብራቱን ግንባር ካሳዩኝ ላንዳፍታ፣
ልደቱን ከነወላጁ እናገራለሁ።

ከተማችን ስሟ መርሴዴስ ይባላል፤
እንግዳ ሲሰማ "የመኪና አገር!" ይላል።
ኧረ ከየት መጥቶ! ያለን እንደሆነ
ፎርድ ነው፣ በሽቦ የተጠጋገነ፣
ዶሮ ታቅፋ የምትተኛበት የኋላ ወንበሩ፣
ከሪዮ ኔግሮ ወንዝ ዳር፣ ዝገት ለብሶ የቆመ በየበሩ።

ማክሰኞ ማክሰኞ ሰዉ ፎቶ ይዞ ጋራዤ ይመጣል፣
ከብስኩት ቆርቆሮ፣ ከጸሎት መጽሐፍ መሃል።
ሙሽራዋን ማንም አያስታውሳትም።
ከጎኗ የቆመው ሸቭሮሌ ግን
ጥይት መሳይ መብራቱን ከሟቾቹ መሃል አፍጥጦ
"የሃያ ሰባት ነኝ" ይለኛል፣ ቃሉ ካፉ አምልጦ።

የኢቱርቤ ልጆች፣ ሦስት ትውልድ ሙሉ፣
"የአያታችን መኪና" እያሉ ሲምሉ፣
አየሁት። ታክሲ ነው። ቆጣሪው በመስኮቱ በኩል ይታያል።
አያትየው ተደግፎ ነው የተነሣው፤
መደገፍ ከመግዛት ሁልጊዜ ይረክሳል።
ነገርኳቸው። ሰላምታ ነፈጉኝ እስከ ዛሬ ድረስ፤
እኔም ማን ማን እንደሆኑ አላስታውስ።

ዶኛ ኤተልቪና የመጣች ዕለት ዝናብ ነበር።
ፎቶዋን ከካፖርቷ ሥር እንደ ጫጩት ሸሽጋ፣
ሰባ ዓመቷ፣ ጣቶቿን መርፌ የበሳቸው፣
ስታረጅም የሰው ኮሌታ የምትሰፋ።
"አባቴ ነው" አለች፤ "ሳልወለድ የሞተ።
የማውቀው ይቺን ወረቀት ነው። መኪናው ምን ይባላል?
የልጅ ልጄ ጠየቀኝ።"
ገለበጥኩት። በእናቷ እጅ፣ ቀለሙ ሻይ መስሎ፦
"አሥራ ዘጠኝ ሃያ ስድስት። የመጨረሻው በጋ።"

አጉሊ መነጽሬን አወጣሁ።
ሰውየው ይስቃል መሰለኝ። ዓይኔ አልቆየበትም፤
ወደ ጎማው ወረደ።
አጭር ነው።
የሃያ ስምንቱ ፎርድ እግረ ረጅም ነበር፣ እንደ ውርንጭላ፤
የሠላሳው ነው ጎማው ዝቅ፣ አንገቱ ቀና ያለ፣
የራዲያተሩ ከፈፍ እንደ ታጠበ ማንኪያ የሚያብለጨልጭ።
በክብሪት እንጨት ለካሁ። ደግሜ ለካሁ።
በሃያ ስድስት ይህ መኪና
ብረቱ አፈር ነበረ፣ ገና ያልተቆፈረ፤
ጎማው ወተት ነበረ፣ ከዛፉ ያልወረደ።

እና ሰውየው፣ የሞተው፣
ከሞተ አራት ዓመት አልፎት
ክርኑን ኮፈኑ ላይ ጥሎ ይስቃል።

የፎቶ አንሺዋ ጥላ መሬቱ ላይ ወድቋል፤ ባርኔጣው የሴት ነው።
ከቀሚሱ ጥላ ግርጌ ሌላ አጭር ጥላ አለ።
ቅርጫት ሊሆን ይችላል። ውሻም።
ይህ የኔ ሙያ አይደለም።

"ፎርድ ነው" አልኳት።
"ዓመቱስ?"
ዝናቡ ቆርቆሮውን ደበደበ።
ዕድሜዬን ሙሉ ይህችን ጥያቄ ስጠብቅ ኖሬ
አሁን ምላሴ ተሳሰረ።
"ሠላሳ" አልኩ። "ከዚያ ወዲህ እንጂ ወዲያ አይሆንም።"

አልጮኸችም። ፎቶውን ወስዳ አሸተተችው።
"የቤንዚን ሽታ ትዝ ይለኛል" አለች፤ "ፀሐይ የመታው ላስቲክም።
እናቴ 'ሕልም ነው' ትለኝ ነበር።
እኔም ሕልም ነው ስል ይኸው አረጀሁ።"

ካፖርቷን ቆለፈች። በሩ ጋ ደርሳ ተመለሰች።
"ጎማው፣ ቁመቱ ስንት ነው?"
እጄን ከወለሉ በላይ ዘረጋሁ፦ "እስከዚህ።"
እሷም ጎንበስ አለች፤ መዳፏን ከእጄ ትንሽ ከፍ አድርጋ፣
የማይታይ ፀጉር እየዳበሰች፣
ለካች።