የግራው ጫማ ማሰሪያ

ሲነጋ ቆጠራ፣ ሲመሽ ቆጠራ ነው የወህኒ ቤት ኑሮ፤
ዘቡ በዱላው ጫፍ በሩን አንኳኩቶ፣ ጣቱን ወደኛ ወርውሮ፣
«ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት…» እኔ ጋ ሲደርስ ሃያ አምስት እባላለሁ፤
ፖልስሙር ውስጥ አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ተቆጥሬያለሁ።

አንገቴ ላይ ደግሞ ሌላ ቁጥር አለ፣
በአሥራ ስድስት ዓመቴ በመርፌ በጥቀርሻ ቆዳዬ ላይ የበቀለ።
ያን ለታ «ወንድሞች አገኘሁ» ብያለሁ።
ውሸት አልነበረም።
አንዱ ዳቦውን አካፍሎኛል፣
አንዱ ጥይት ተቀብሎልኛል፣
አንዱም መዳፌ ላይ ሽጉጥ አኑሮ
«ያው፣ ማዶ ነው» ብሎኛል በጆሮ።

ማዶ ማለት ሩቅ አይደለም።
ከሱቁ ግድግዳ እስከ መብራቱ ምሰሶ
ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው፤
እኛ ግን ድንበር አልነው፣
ባንዲራ እንዳለው አገር ጠበቅነው፣
የተሻገረውን ጣልነው።

ኢግሻን ተሻገረ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፤ ወተት ገዝቶ ሲመለስ።
አስፋልቱ ላይ መጀመሪያ የፈሰሰው ወተቱ ነው።
የቀረውን ፍርድ ቤቱ ጽፎታል።
ልለፈው።

በወጣሁ በሦስተኛው ወር፣
የኬፕ ታውን ነፋስ ቆርቆሮ እየነቀለ፣
ጠረጴዛው ተራራ ነጭ ጋቢውን ደርቦ ቁልቁል እያየን ዝም እንዳለ፣
ያልረገጥኩት ደጅ አልነበረም።
«ምን ትችላለህ?»
«መጠበቅ።»
አንገቴን ያዩና «እንደውልልሃለን» ይላሉ።
ስልክ የለኝም፤ አይጠይቁም።

ዴልያ ናት የጠራችኝ፣ የትምህርት ቤቱ ጽዳት።
«ልጆቹን የሚያሻግር ሰው ጠፋ፤ ወላጅ ሁሉ ፈራ።
አንተ መንገዱን ታውቀዋለህ።
ደሞዝ የለውም። ሻይ አለ።»
የሚያንጸባርቅ ቢጫ ሰደርያ ወረወረችልኝ፤
ትከሻው ላይ ይጠበኛል።

ሃያ ሁለት ናቸው፤ አፍንጫቸው የሚፈስ፣ ቦርሳቸው ከጀርባቸው የሚበልጥ።
ግድግዳው ጋ እቆጥራለሁ። ሃያ ሁለት።
ምሰሶው ጋ እቆጥራለሁ። ሃያ ሁለት።
መካከሉን ትንፋሼን ይዤ ነው።

ጥግ የቆሙት ያፏጩብኛል።
አንዱ፣ ጢም ያላበቀለ፣ ሸሚዙን ገለጥ አድርጎ ሰደፉን ያሳየኛል።
«ሽማግሌው! ሞግዚት ሆንክ?»
«አዎ» እላለሁ። ሌላ ምን ይባላል?
የድሮው ፊቴ ነው ከማዶ የሚሳለቅብኝ፤
ብመታው እኔን ነው የሚያመኝ።

ከዚያ አንድ ሰኞ እማማ ጋዲጃ መጡ፣
የኢግሻን እናት።
ፍርድ ቤት ሳያቸው ያለ ከዘራ ይሄዱ ነበር።
የልጃቸውን ልጅ ይዘዋል፤ ታሽሪቅ፣ ሰባት ዓመቱ፣
ግንባሩ ቁርጥ የአጎቱ።

አንድ ቃል ነበረኝ፤ አሥራ አራት ዓመት
በሌሊት ስሞርደው፣ ሳለሳልሰው የኖርኩት፤
እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ተጋደመ።

አልረገሙኝም። «ምሬሃለሁ»ም አላሉም።
የልጁን እጅ ከእጃቸው አላቀው መዳፌ ላይ አኖሩና፣
«የግራው ጫማ ማሰሪያ ይፈታበታል፤
እንዳይጠልፈው» ብለው ዞሩ።

እውነታቸውን ነው። ተፈታ፤
መሐል መንገድ ላይ፣ በአሥራ አምስተኛው እርምጃ።
በርከክ አልኩ። ታክሲው ጡሩምባውን ነፋ፤
ፉጨቱ ቆመ፣ ወይም ነፋሱ ወሰደው።
ጣቶቼ ክሩን ያዙ፤ ከዚያ ጠፋቸው።
ወህኒ ቤት ጫማ ክር የለውም፤
ስንት ዓመት ታስሬ፣ ማሰር አላውቅም።

«እንዲህ እኮ ነው!» አለ ታሽሪቅ፣
አንዱን ቀለበት በሌላው አሾልኮ፣ ምላሱን አውጥቶ፣
እንደ መምህር ታግሦ።
ሃያ ሁለቱ ዙሪያችንን ቆመው ያያሉ።

ምሰሶው ጋ ቆጠርኩ። ሃያ ሦስት።
ደግሜ ቆጠርኩ።
«ነገም ይፈታል» አለኝ ወደ በሩ እየሮጠ።
«ግዴለም» አልኩት፤ «እጠብቃለሁ።»