ሁለተኛው ነጥብ

ዝናብ ነው ኡዋጂማ፤ ወደቡ ጨልሟል፣
የከተማው ቢሮ በቀን አምፖል አብርቷል።
ተራዋ ሲደርሳት፣ በመስኮት ቁጥር ሦስት
ወይዘሮ ጹጂ ኪኑ ዘረጋች ወረቀት።

«እየው ልጄ፣» አለች፣ «ከስሜ ተሰርቋል፤
ነጥቤ ሁለት ነበር፣ አንዱ የት ገብቷል?»

ሞሪዋኪ ጎንበስ አለ፣ መነጽሩን ገፍቶ፣
ፊደሉን መረመረ አካሉን ለይቶ፦
ከላይ ያለው መስቀል ንባቡ አሥር ነው፤
አሥሩን ያዘለው መሄድ የሚሉት ነው፤
ሁለቱ ሲጋጠሙ፣ ጹጂ፣ መስቀለኛ መንገድ፣
ወይ መገናኛ ነው ወይ መለያያ፣ እንደ ቀኑ ልማድ።

ይህ መሄድ የሚሉት ጥንት ቆሞ ነበር፤
ግማሽ ጎዳና ከላይ፣ ከታች ደግሞ እግር።
በቻይና ጸሐፍት እጅ፣ ቀርከሃ ላይ ብሩሽ ሲሮጥ፣
ሥራ በዝቶ፣ ንጉሥ ሲቆጣ፣ ቀለም ሳይደርቅ ሲገለበጥ፣
እግሩ ደከመውና ተጋደመ፤
ጅራቱ ወደ ቀኝ ረዘመ፣
የጀልባ ሆድ መሰለ።
ጎዳናው ግን አለቀ፣ እያደር ኮሰሰ፣
ከጀልባዋ በላይ ነጥብ ሆኖ ፈሰሰ፤
ለአንዱ ቤት ሁለት ደረሰው፣ ለአንዱ ቤት አንድ።
ያው ነው ይላል ሕጉ።
ያው አይደለም ይላል ሆድ።

«ባሌ ታኬዞ፣» አለች፣ «ድንጋይ ጠራቢ ነበር፤
ዕድሜውን የፈጀው የሰው ስም ሲቆፍር።
የኛን መቃብር ሲጠርብ ምሳ ይዤለት ወጣሁ።
የመጀመሪያዋን ነጥብ መታና ‹ይቺ እኔ ነኝ› አለ።
ሁለተኛዋን መታ፣ ምንም አልተናገረ፣
ቀና ብሎ አየኝ ብቻ፤ መሮው እጁ ላይ ቀረ።
አሁን የሱ ስም ጠቁሯል፤ የኔ እዚያው አጠገቡ
ቀይ ቀለም እንደ ሞላው አለ፣ ሞቴን እየጠበቀ በዝናቡ።»

«ኮምፒዩተሩ…» ብሎ ጀመረ ሞሪዋኪ፣ «አሮጌው መዝገብ…»
«ተው፣ ልጄ። በስምህ መግቢያ ሦስት ዛፍ አለህ፣ ጫካ ነህ።
አንዱን ብቆርጥብህ ማን ብለው ይጠሩሃል? ዝም ትላለህ?»

ዝም አለ። ከመሳቢያው ቅጽ አወጣ፣ የፊደል ማረሚያ።
«እዚህ ጋ ስምዎን፣ እዚህ ጋ ማኅተም፣ ቀኑን እዚያ።»

ብዕሩን ያዘች። አርባ አራት ዓመት የለመደ እጅ
አያመነታም፤ መስቀሉን ጣለ፣
ነጥቡን ጠብ አደረገ፣
ጅራቱን ሳበ፣ ጨረሰ።
አንድ ነጥብ።
እሱ አየ። እሷም አየች።
ውጭ የመርከብ ጡሩምባ ጮኸ።

«በእጅ ሲጻፍ፣» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሁላችንም አንድ ነው የምናደርግ።
ልማድ ነው። እንደ ስሕተት አይቆጠርም።»
እጇን እንደ ጎረቤት ልጅ አገላብጣ አየችው፤
«እሱ ሳለም እንዲህ ነበር የምጽፈው?»
አለች፣ ማንንም ሳትጠይቅ።

ከዚያ ጃንጥላዋን አነሳች፣ ግን አልሄደችም።
«ለመሆኑ፣» አለች፣ «የጎደለው የቱ ነው?
የላይኛው ነው ወይስ የታችኛው?»

ሞሪዋኪ ወፍራሙን መመሪያ ከመደርደሪያ አወረደ፤
ጣቱ ማውጫውን ይዞ መስመር በመስመር ወረደ፤
ስለዚህ የሚል የለም።
ተራ ቁጥር ሠላሳ ሰባት ብሎ ማሽኑ ጠራ።
ማንም አልተነሳም።