ሰሪው ያልታወቀ

ደሴ ላይ ጉም ሲወርድ፣ ጦሳ ሲከናነብ፣
እኔ ከምድር ቤት፣ መዝገብ ይዤ ሳነብ፣
ሥራዬ ጥበቃ፣ ደሞዜ ከመንግሥት፣
ቁልፉ ወገቤ ላይ፣ አቧራው ከደረት።

መሳቢያ አራት፣ ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሰባት፦
«የጥላ አሻንጉሊት፤ ብዛቱ ስድስት።
የፍየል ቆዳ። ዘመኑ የጣሊያን።
አንደኛው ጭንቅላት የለውም።»
ሰብሳቢው ከነማዕረጉ፣ ከነአባቱ፣ በደማቅ ቀለም፤
«ሰሪው፦ አይታወቅም።»

ከመሳቢያው በላይ ደግሞ፦ «ብርሃን ክልክል ነው።»
ለጥላ የተሠራ ቆዳ፣ ብርሃን ተከልክሎ፣
ስንት ዓመት ተኛ በወረቀት ተጠቅልሎ፤
የሐይቅን ዓሣ እንዳይረጥብ ብሎ
ከውኃ እንደማውጣት።

አንድ ማክሰኞ ለት፣ ከሰኞ ገበያ፣
ዘሀራ ይመር መጡ፣
ማመልከቻ ሳይዙ፣ ሳይዙ መታወቂያ።
«ቆዳውን አሳየኝ» አሉ። ምስሉን አላሉም።
ጓንት ሰጠኋቸው፤ አልተቀበሉም።
አንዱን በሁለት ጣት አነሡት። አሸተቱት።
ልከለክል አፌን ስከፍት
ጠርዙን በምላስ ነኩት።

«እምቧይ ነው። ቁልቋልም አለበት።
ይህን ያለፋው አባቴ ነው፣ ይመር ሙሄ፣ ፋቂው፤
ገበያ ሲወጣ ሰው ነጠላውን የሚሰበስብበት።

«አንድ አስካሪ ነበር፣ ሳሌም የሚሉት፣ የትሪፖሊ ልጅ፤
አገሩ በረመዳን ማታ ማታ ቆዳ ያጫውታሉ አሉ።
ከአባቴ ገዛ፤ በመላጫ ቀደደ።
መኮንኑን አወጣው፦ ሆድ፣ ቆብ፣ ፊሽካ፤
አህያም አወጣ፣ መኮንኑን የምትራገጥ።
በኛ ጓሮ አቡጀዲ ተወጠረ፣ ከኋላው ፋኖስ፤
የፋቂ ደጅ የማይረግጥ ሁሉ ያን ለት ረገጠ።
አፍንጫውን የያዘ አልነበረም፤
እጁ ሆዱን ይዞ ነበራ፣ በሳቅ።

«አባቴ ለመኮንኑ የመረጠለት
መዥገር የበላውን ቆዳ ነው፣ እያወቀ።
ልቡ ላይ ቀዳዳ አለች፤
ያለ ብርሃን አትታይም።

«በሦስተኛው ማታ መኮንኑ ራሱ መጣ። አልሳቀም።
ፋኖሱን ረገጠ፤ ቆዳውን ሰበሰበ።»

(ሰብሳቢ ማለት ለካ ይህ ኖሯል።)

«ሳሌምን በካሚዮን በሐረጎ ቁልቁል ወሰዱት፤
ከዚያ ወዲያ መሬት ትወቅ።
አባቴን አርባ ገረፉት ይላል ሰው። እኔ ያኔ አልተወለድኩም፣
ግን ጀርባውን ሳጥብ ቆጥሬዋለሁ፤
ሠላሳ ሰባት ነው። ሦስቱ ስተዋል።
ጥሊያን ሲሸሽ ሳጥኑ ቀረ።»

ይህን ብለው ሳይጨርሱ መብራት ጠፋ፣ እንደ ልማዱ።
ደንቡን አውቃለሁ።
ስልኬን አወጣሁ።
ከግድግዳው ላይ መኮንኑ ተነሣ፣ የኔን ሦስት እጥፍ፤
ሆዱ ጥቁር፣ ቆቡ ጥቁር፣
ደረቱ ላይ ግን ምስር የምታህል ብርሃን።
ዘሀራ ዘንጉን ነቀነቁ፤ ፊሽካውን በከንፈራቸው አፏጩለት፤
ያቺ ምስር ከግድግዳ ጣራ፣ ከጣራ ግንባሬ ላይ ዘለለች።
ሳቅሁ።
የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ሳቅሁ።

ካርድ ለመለወጥ ደብዳቤ ይጠይቃል፣ ማኅተም፣ ኮሚቴ፤
ኮሚቴው ሳይሰበሰብ ሁለት ክረምት አለፈ።
በእርሳስ ጻፍኩት፣ ከታች፣ በደቃቅ ፊደል፦
ቆዳው የይመር ሙሄ። ቅዱ የሳሌም።
ማን ጻፈው ቢባል፣
አይታወቅም።