ቆሽት

ሰው ባናደደኝ ቁጥር "ቆሽቴ አረረ" ስል ኖሬ፣
የት ጋ እንደተቀመጠ ሳልጠይቅ አድሬ፣
አሁን ደሞዝ ይዤበት ማታ ማታ እቆርጠዋለሁ፣
ከፀጉር አቅጥኜ መስታወት ላይ አስተኛዋለሁ።

ኤድመንተን፣ ጥር ወር፤ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ፣
ወንዙ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ መንገድ ላይ፣ ሊሄድ ሊሄድ።
ከምድር በታች ያለችው ላቦራቶሪያችን ትሞቃለች፣
ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል፤ አንዷ አምፖል ብልጭ ድርግም ትላለች።

ቁጥር አርባ አራት ዐሥራ ሰባት። ስም የለውም።
አንድ ሰው ከሆዱ የሰጠን ቁራሽ ነው፤ ማን? አይነገረንም።
ቀለም አጠጥቼ፣ መብራቱን አጥፍቼ ሳየው፣
ዳር ዳሩ አረንጓዴ በራ፤
ስኳር ነው የለበሰው።

ሻይ ላይ የምንበትነው አይደለም። ሳያሊክ አሲድ ይሉታል፣
እንደ ነጠላ ጥለት የህዋስን ጠርዝ ይዞራል፤
ጤነኛው ሁሉ አለው፣ የኔም ያንቺም ይለብሳል፣
ዘበኛ "ማነህ?" ሲለው ጥለቱ ይመልስለታል።

ካንሰሩ ይህን አየ።
በላይ በላይ ደራርቦ፣
የቤቱን ጥለት ሰርቆ፣ እስከ ዓይኑ ተከናንቦ፣
በጠራራ ፀሐይ ቆመ።

ነጩ ህዋስ ሊውጠው አፉን ከፍቶ ይመጣል፤
እጁን ሰዶ ይዳብሳል፤
"የኛው ሰው ነው" ይልና ያንኑ አፉን ይዘጋል።
እሱስ በሆነ፤ ወንበር ስቦ አጠገቡ ይቀመጣል፣
ሌላ ዘበኛ ሲመጣ "ተወው፣ አውቀዋለሁ" ይላል።

ሞኝ ነው አልልም።
ጥለት የለበሰን አትንካ ተብሎ ነው ያደገው፤
ይህ ሕግ ባይኖርማ ገላ ራሱን ነበር የሚበላው።
ሌባው የሰረቀው ልብስ አይደለም፤ ሕጉን ነው።

ጎረቤቴ ኦረስት፣ ጡረታ የወጣ የባቡር መካኒክ፣
ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ እኔ ሳልጠይቅ፣
የደጄን በረዶ ሲዝቅ የኖረ፤
መስከረም ላይ የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆኖ አደረ፣
ቀበቶው ላይ በምስማር ሦስት ቀዳዳ ጨመረ።
አሁን የሱን ደጅ እኔ ነኝ የምዝቀው።
ቅዳሜ መስኮት አንኳኩቶ ጠራኝ፤ ሻይ ቀዳ፤ የራሱን መራራ ጠጣው፣
"ስኳርም ያዘኝ፣ አንድ ክፍል ሁለት ተከራይ" ብሎ ቀለደ፤
"በናንተ ቋንቋ ምን ይሉታል?" ሲለኝ አንገቴ ወረደ።
"ቆሽት" አልኩት። "ስንቆጣ እሱ ነው የሚያርረው።"
ጎኑን ደግፎ ሳቀ፤ ሳቁን ግን ቆይቶ ዋጠው።
"የኔስ መች ተቆጣ?" አለ። "ነገሩ እዚህ ላይ ነው፤
ሌባ ቤቴ ገብቶ ሲያድር
አንድ የሚቆጣልኝ የለም፣
በዚህ ሁሉ ሥጋ ውስጥ፣ በዚህ ሁሉ ደም።"

ምን ልበለው?
ፎቅ ላይ ያለችው ዶክተር ላቫሌ አንቲቦዲ ሠርታለች፣
ዘበኛው ጥለት ዳብሶ እንዳይታለል መሃል ታስገባለች፤
አይጦቹ ውስጥ ነቃ፤ ነከሰ፤ እጢው ጥቂት ከሰመ።
አይጥ ግን አይጥ ነው። የሰው ተራ ሩቅ ነው።
ይህን ልነግረው ጀምሬ አፌ ተለጎመ፣
ሻዩን አመስግኜ ወጣሁ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት። ያው ቁራሽ፣ ያው አረንጓዴ።
የሱ ይሁን የሌላ ሰው ማን ይነግረኛል?
ቁጥርም ልብስ ነው፤ ሰው ይሸፍናል።
ስንቱን እንዲህ ዳብሼ "አላውቀውም" ብዬ አለፍኩ፣
እንደዚያ ዘበኛ አፌን ከፍቼ ዘጋሁ።
ዛሬ ግን ቆሽቴ አረረ፤
የት ጋ እንደተቀመጠ እያወቅሁት አረረ።

አርባ አራት ዐሥራ ስምንትን አነሳሁ።
ውጭ በረዶ ጀምሯል፤
አካፋዬ መኪናው ኋላ ነው።