ለትከሻ የተቆረጠ ደረሰኝ

ካርቦኑ አርጅቷል፤ ሁለተኛው ቅጠል
የሰው ስም ይውጣል፣ ቁጥሩን ይተፋል።
ጥር ነው፣ ግብር ነው፤ ከገብስ አውድማ ጠርዝ ላይ
ወንበሬን ዘርግቼ፣ ጀርባዬን ለፀሐይ፣
«ለመሬት ይህን ያህል፣ ለአምቡላንስ መቶ ብር»
ስል እውላለሁ፣ ማኅተም ስመታ፣ ሳንቲም ስቆጥር።

ዘርፌ ይማም ከፈለች፣ ከጠቦት ዋጋ የተረፈ፤
ሼህ ሙህዬ ከፈሉ፣ ዱዓቸው እስኪያልቅ ብዕሬ አረፈ፤
መሪጌታ ጥሩነህ ሦስት ጊዜ ቆጥረው
«ለነፍስ ነው ወይስ ለሥጋ?» አሉኝ ፈገግ ብለው።

ከሰልፉ መጨረሻ እብሬ ሽበሺ ቀረበ፤
ቁጭ አላለም፤ ደብተሬን ከላይ ሆኖ አነበበ።
«የመሬቱን እከፍላለሁ፤ የአባቴ ወግ ነው።
የመኪናዋን ግን ከፍዬ የጨረስኩት በዚህ ነው»
አለና ጋቢውን ከግራ ትከሻው አወረደው።
ጠፍጣፋ ጠባሳ፣ የሁለት ጣት ስፋት፣
የቃሬዛ እንጨት የቀረጸው፣ ሠላሳ አንድ ሌሊት።

«ቁጠር፤ አንተ ቁጥር ትወዳለህ።
የአረጉን እናት፣ በውርጩ ቀን፤ ከኋላ አንተም ነበርህ።
ማጭድ እግሩን የበላውን አጫጅ፣
የጤና ኬላዋን ልጅ ራሷን፣ ትርፍ አንጀት ሲያስጮኻት ከደጅ፤
ጦይባን፣ ሁለት ነፍስ ሆና፤ ከገደሉ አፋፍ ላይ
‹አብሽሪ› እያልኳት ነበር፤ የአቀስታ መብራት ሲታይ
እጄን ለቀቀችው።

«ለመንገድ አዋጣን፤ ገደል ሲደርስ ቆመ፤
ለትምህርት ቤት አዋጣን፤ ጣሪያው አንድ ክረምት ከርሞ አዘመመ፤
መኪናችሁም ትመጣለች፣ ነዳጇ እስኪያልቅ፤
ከዚያ ማን ይጠራል? ‹እብሬ፣ ቃሬዛህን ታጠቅ!›»

ሰልፉ ጸጥ አለ። አንድ አህያ ብቻ አናፋ።
መሪጌታ ሳቁ፤ ሳቃቸው በኩታቸው ውስጥ ጠፋ።

ምን ብዬ ልመልስ? እኔም አውቃለሁ።
ጳጉሜን ላይ ደውዬ ነበር፤ የመለሱልኝን አልረሳሁ፦
ጎማው ፊርማ ይጠብቃል፣ ፊርማው ኮሚቴ፣
ኮሚቴው ማክሰኞን።
ያን ቀን ማክሰኞ ሩቅ ነበር።

ግን ደግሞ በኅዳር፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣
ያቺው ነጭ ቶዮታ፣ በአንድ ዓይን መብራት፣
እስከ ተሰበረው ድልድይ እየተንገጫገጨች መጥታ
የዘርፌን ልጅ ወሰደች፤
ዛሬ ኳስ ይጠልዛል ከጠዋት እስከ ማታ።
እስከ ድልድዩስ ማን አወረደው?
እብሬ ነው።

እስክሪብቶዬን በትንፋሼ አሞቅሁ፤ ካርቦኑን አስተካከልኩ።
ከፋይ፦ እብሬ ሽበሺ። መጠን፦ አንድ ትከሻ፣
ሠላሳ አንድ ሌሊት፣ ከላይ አምባ እስከ ድልድዩ መድረሻ።
ምክንያት፦ የአምቡላንስ። ማኅተሜን መታሁ፣
ሰማያዊው ቀለም ሳይደርቅ ወደ እሱ ዘረጋሁ።

ገልብጦ አየው። ጀርባው ባዶ ነበር።
«ለከርሞም ይሠራል?»
«ድልድዩ እስኪጠገን።»
«እንግዲያ ወረቀትህን ቆጥብ» አለ፣
የመሬቱን ግብር ቆጥሮ ሰጥቶኝ፣
ጋቢውን መልሶ ቁልቁል ወረደ።

መጋቢት ላይ ከደሴ ኦዲተር መጣች፤
ቅጠል በቅጠል ገልጣ፣ አንዱ ጋ ስትደርስ ቆመች።
የከፋዩን ስም ካርቦኑ ውጦታል፤
«አንድ» እና «ሠላሳ አንድ» ብቻ ተፍቷል።
«መቶ ብር ጎድሏል፤ ይህስ የምን ሒሳብ ነው?»
መቶ ብር ከኪሴ መተካት አያቅተኝም፤
ያን ባደርግ ግን ከደብተሩ ሁሉ
ውሸት የሚሆነው ያ አንዱ ቅጠል ነው።

ወደ ገደሉ ጠቆምኳት። መነጽሯን ጠረገች፤
ጉም ነበር፣ ምንም አላየች።
በቀይ ጻፈች፦ «ማብራሪያ በጽሑፍ ይቅረብ።»

ይኸው፣ አቅርቤያለሁ።