በበረዶ ሥር የተገዛ

ዊኒፔግ ላይ ቤቱን ስንገዛ የካቲት ነበረ፣
ጓሮው እስከ አጥሩ ጫፍ በበረዶ የተቀበረ፤
ደላላው ከመስኮት ጣቱን ቀስሮ
«ያ ነጩ በሙሉ የእናንተ ነው ጓሮ»
አለና አስፈረመን። ወረቀቱ ብዙ፤
የጣራው ዕድሜ አለ፣ የቧንቧው መዘዙ፤
ከአፈሩ ሥር ስላለው የጻፈ ግን የለም፤
በየካቲት ማንም ስለ አፈር አይጠይቅም።

ሚያዝያ ሲጠባ አስካለ ጀመረች፤
የእንቁላሉን ካርቶን አፈር እየሞላች
በየመስኮቱ ደፍ ቃሪያ አሰለፈች፤
ውሃ በሻይ ማንኪያ፣ እንደ ጨቅላ መገበች።
ልጃችን ያፌትም በሒሳብ ደብተሩ
ጓሮውን ነደፈው፣ ከነሜትሩ፣ ከነድንበሩ፤
ቲማቲም መሃል ላይ፣ ቃሪያው ከፀሐይ ዳር፣
ጎመን ሁለት መስመር፣ ካሮት ከአጥሩ ሥር፤
አንዷን ካሬ ደግሞ በቡናማ ሞልቶ
«ይቺ የትሎች ናት» አለን ፊቱን ፈትቶ።

ከአጥሩ ማዶ ያሉት ጎረቤት፣ ኦልሃ፣
በርሜል ደቅነው ለጣሪያቸው ውሃ
«አትቸኩሉ» ይላሉ ጣታቸውን አንስተው፤
«ከንግሥቲቱ በዓል በፊት የተከለው
ለውርጭ ነው የቀለበው።»
ሰኞ በካናቴራ፣ ማክሰኞ በካፖርት፤
እንዲህ ነው የዚህ አገር የሚያዝያ ምልክት።

በረዶው ሲሸሽ ግን ጭድ አገኘሁ ያረጀ፣
ሻግቶ፣ ጠቁሮ፣ ከጭቃ የተወዳጀ፤
ጥራጊ መስሎኝ በሁለት ከረጢት ጠቅጥቄ
ለቆሻሻ መኪና አስቀመጥኩት ጠንቅቄ።

አፈሩ ዋልካ ነው። ገና ሲቀልጥ ያዘኝ፤
ግራ ቦቲዬን ውጦ በካልሲ አስቀረኝ።
ሲርስ እንደ ሙጫ፣ ሲደርቅ እንደ ጡብ፣
ቀኑን ነቅቶ ላልጠበቀው የማይሰጥ ልብ፤
በእፍኜ ጨበጥኩት፣ ጨመቅኩት፣ ለቀቅኩት፤
ሲፈረፈር ጊዜ ዶማዬን አነሣሁት።

ቅዳሜ ማለዳ ነው። የልጄ ካርታ በኪሴ፣
አራት ከረጢት ፍግ አውርጄ በራሴ፣
ከቲማቲሙ ቦታ ቆሜ ዶማ ሳነሣ
አንድ ነገር አየሁ ከዋልካው የተነሣ፤
አረንጓዴ ጫፎች፣ የተሳሉ እንደ ብዕር፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሰባት፣ ቀጥ ያለ መስመር፤
ሌላ መስመር ደግሞ፣ ሌላም ከጎኑ።
አረም አይሰለፍም። የሰው ነው ውጥኑ።
ተንበርክኬ ጫርኩት፤ ጣቴን ሳሸትተው
ነጭ ሽንኩርት ሆነ። ማን ነው የተከለው?

«ስቴፋን ነው» አሉኝ ኦልሃ፣ በርሜሉን ትተው፤
«ጥቅምት መጨረሻ፣ መሬቱ ሊቆልፍ ሲል ነው፤
በመሸ፣ በባትሪ፣ አንድ እጁ ወገቡን ይዞ፣
ጭድ አለበሰውና ገባ ጣቱ ደንዝዞ።
‹ለማን ነው?› አልኩት። ሐኪሙ ነግሮታል፤
እኔም አውቃለሁ፤ እንደማውቅ ያውቃል።
‹ለሐምሌ› አለኝ። ሌላ አልተናገረም።
ገናን አልደረሰም።»

ዶማው ከበደኝና መሬት አጋደምኩት፤
ውል ላይ ያልሰፈረ ዕቃ ነው ያገኘሁት።
አስካለ መጥታ አየች፤ ዝም አለች፣ ዝም አለችና
«ቲማቲሜስ ታዲያ?» ቀና ብላ እንደገና።
ያፌት ላጲስ ይዞ ካርታውን ዘረጋ፤
ቲማቲሙን ነቅሎ ወደ ጋራዡ አስጠጋ፤
ቃሪያው ተጨናነቀ፣ ጎመኑ አንድ መስመር አጣ፤
የትሎቹ ቦታ ግን ከመስመሩ አልወጣ።
መሃሉን ክፍት ትቶ፣ እርሳሱን አሹሎ፣
ስሙን መጻፍ ሲችል፣ ጻፈበት «ሐምሌ» ብሎ።

ማታ ራዲዮው «ከዜሮ በታች አራት» አለ፤
በጓሮ በር ወጣሁ፤ ከረጢቱ አልተነሣም፣ አለ።
ያንን የሻገተ ጭድ፣ ይዤ የባትሪ ብርሃን፣
መልሼ አለበስኩ ሦስቱን መስመሮቹን።
«ነጭ ሽንኩርት ውርጭ አይፈራም» አሉኝ ኦልሃ ከመስኮት።
«አውቃለሁ» አልኳቸው።
የቀረውንም በተንኩት።