የጃንጥላው ነገር

በመብራት ደረሰኝ ጀርባው ባዶ ቦታ፣
ልጆቹ ሲተኙ፣ ዛሬ ሐሙስ ማታ፣
"ሐዋሳ" ብሎ ጻፈ ዱጋሳ ከላይ፣
አሰመረበትም፣ ሁለት ጊዜ፣ እንዲታይ።

በአሥራ አንድ ዓመት ትዳር
እኔና እሱ ብቻ ያደርንበት አገር
የለም። አንድም።
ሰርግ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ የክርስትና ድግስ፣
ሁሌ ከሕዝብ ጋር ነው እኛ የምንደርስ።
አሁን ግን ቆረጥን፤ ቅዳሜና እሑድ
ውሃ ዳር ለመዋል፣ ሁለት ሆነን ለመሄድ።

እኔ ከወይንሸት ጋር ተራ ተቀያይሬ፣
ሦስት የሌሊት ፈረቃ ከፊቴ ተበድሬ፤
እሱ የልብስ ስፌት መኪናውን ሸፍኖ፣
የሚዜዎቹን ሱፍ ለማክሰኞ ለምኖ፤
ልጆቹ አያንቱ ጋር፣ ቁልፉ ለጎረቤት፣
ዶሮዎቹም ቢሆን ጥሬ አላቸው ከቤት።

መነሻ፦ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ተኩል፣
አዳማ በአቧራ ዓይኗን ሳትኳል።
ሞጆ ላይ መቀየር፤ መቂን አልፎ ዝዋይ፣
መስኮቱ የማን ነው? በሳንቲም ይለይ።
ሽንኩርቱ ስንመለስ፤ ስንሄድ አይገዛም፣
ሽርሽር የወጣ ሰው ጆንያ አያበዛም።

ከዚያ ሐዋሳ።
እሱ አንዴ አይቷታል፣ ገና ወንደላጤ ሳለ፣
ለሆቴል አስተናጋጆች ሱሪ ሊያደርስ። "ዋርካ አለ"
ይለኛል፣ "ወደ ውሃው ጎንበስ እንዳለ።
አባ ኮዳ አለ፣ ራሰ በራ ወፍ፣
ጡረታ እንደወጣ ዳኛ፣ ቆሞ የሚወስደው እንቅልፍ፤
የዓሣ አንጀት ሲጣል ግን ይግባኝ አይጠብቅም።"
እንዲህ ሲያወራ እኔ ዱጋሳን አላውቅም።

ሂሳቡ ላይ ስንደርስ ቀይ እስክሪብቶ መጣ።
"ሐይቅ የሚያሳይ ክፍል" ተሰረዘ፣ ወጣ።
"አትክልት የሚያሳይ" ዋጋው ያው ነው፣ ተወው።
"ግድግዳ የሚያሳይ" ያዝ! አበባውን በእግር ሄደን ነው
የምናየው።
ጀልባ፦ ለሁለት ሰው፣ ጉማሬ ለማየት፣
(ጉማሬው ካልወጣ፣ ይቀነስልን በሉት።)
ዓሣ፦ ጥብስ አንድ፣ ሾርባ ሁለት፤ ጥሬውን ግን እንዳትል፣
ዋርድ ውስጥ የማየው ሆድ በእረፍቴ እንዳይከተል።

እዚህ ላይ መብራት ሄደ።
ድምሩም በጨለማ፣ ሳይደመር ወረደ።

"ዱጋሳ።"
"አቤት።"
"ሁለት ቀን ሙሉ ግን ምን እናወራለን?"

ዝም አለ። በሩቁ አንድ ባጃጅ አለፈ።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አፋችን የለፈለፈ
ስለ ትንሹ ልጅ ሳል፣ ስለ ኪራይ፣ ስለ ዚፕ፣
ስለ ውሃ፦ "መጣች?" "ሄደች!" "ባልዲውን አምጣ!"
ያ ሁሉ ከቁልፉ ጋር ለጎረቤት ተሰጥቶ፣
እዚያ ዋርካ ሥር የሚቀመጠው
ማነው? ከማን ጋር ነው?

"ዝም እንላለን" አለኝ፣ ቆይቶ። "ውሃ አይደል ያለው?
ዝም ያለን ሰው ደግሞ ሐይቅ ነው የሚችለው።"
ደግሞ ቆየ።
"ያኔ፣ ሱሪውን አስረክቤ፣ ለጀልባ ከፍዬ ነበር፤
ባለጀልባው ሲጠራኝ እግሬ እንቢ አለኝ፣ ቀረሁ ዳር።
ብቻዬን ምን አየሁ ልል ነው? ለማን ነው የማወራው?"
ገና አልተዋወቅንም ያኔ።
ለማን እንዳስቀመጠው አልጠየቅኩም። አልነገረኝም እኔን።

ሻማ አበራን። ከወረቀቱ ግርጌ
"ጃንጥላ" ብሎ ጻፈ። ሰረዝኩት።
ጻፈ። ሰረዝኩት። ጻፈ፣ አሁን በትልቁ።
"ዝናብ ቢመጣብንስ?"
"እንርሳለን" አልኩት።
"እንረሳለን" ብሎ ሰማኝ መሰል፤ "ምኑን?" አለ፤
ሳቄ አፈነኝ፣ እስክሪብቶውን ቀማሁት።

ደረሰኙ ሊቀደድ ነው፣ በስርዝና በድልዝ።
ጃንጥላው ገና አልተወሰነም፣ ይቀር እንደሆን ወይ ይያዝ።
ነገ አርብ ነው።